ከምስሉ የቀደመ ድምፅ

በቴሌቪዥን ጣቢያው ስሟን የሚጠራ ሰው የለም፤ ሁሉም «እትዬ መስመር» ይላታል። ክፍሏ ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም። ማሽኖቹ እንዳይግሉ ቀኑን ሙሉ ቀዝቃዛ አየር ስለሚነፋባቸው በበጋም ሹራብ ለብሳ ነው የምትውለው። ከስታዲየም ይሁን ከስብሰባ አዳራሽ፣ በስልክ መስመር ይምጣ በኢንተርኔት፣ ምስልና ድምፅ ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፈው እሷ ጋ ነው። አይታና ሰምታ፣ የተጣመመውን አቃንታ ወደ ላይኛው ፎቅ ትሰደዋለች። ሥራው ሲሰምር ማንም አያስታውሳትም፤ ሲበላሽ ግን ስልኳ ፋታ አይሰጣትም።

ባሏ በተቃራኒው አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ሰው ነው። ከድምፁ የተነሣ «ጎርናናው» ይሉታል፤ የእግር ኳስ ጨዋታ አስተላላፊ ነው። «አስተላላፊ የሚባለው እሱ፣ የምታስተላልፈው እኔ» ትላለች። ይህን ቀልድ ስንት ዓመት ስለደጋገመችው፣ ገና አፏን ስትከፍት ባሏ ይጨርስላታል።

የተገናኙትም በሥራ ነው። እሷ ያኔ ስልክ ድርጅት ውስጥ መስመር ፈታሽ ነበረች። ጣቢያው የጨዋታ ድምፅ ለማምጣት የስልክ መስመር ሲከራይ፣ «ለአንድ ሳምንት አግዢያቸው» ተብላ ተላከች። ሳምንቱ ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። በመጀመሪያው ቀን ከሜዳ አንድ ወፍራም ድምፅ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» ሲል ሰማችና «ሦስትህ ተቆርጧል፤ ድገመው» አለችው። ደገመው። እንደገና አስደገመችው። እሱ እስከ ዛሬ «በድምፄ ተማርካ ነው ያስደጋገመችኝ» ይላል። እሷ ደግሞ «መስመሩ ነው የተበላሸው» ትላለች። ምስክር ስለሌለ ነገሩ እንዳለ ነው።

ያ የቅዳሜ ከሰዓት ሲመጣ ዘመኑ ተለውጦ ነበር። ምስሉም ድምፁም ሜዳ ላይ ካለች ትንሽ ማሽን አንድ ላይ ተጠቅልለው በኢንተርኔት ነው የሚመጡት። ጨዋታው ሊጀመር ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ሜዳ ያለው ቴክኒሻን ደወለ።

«እትዬ፣ የማሽኗ የድምፅ መሰኪያ ተሰበረ። ምስል አለ፣ ድምፅ የለም።»

«አትደንግጥ። ድምፁን በስልክ መስመር ላክልኝ። እዚህ ከምስሉ ጋር አጋባቸዋለሁ።»

ማጋባቱ ግን ጣጣ አለው። በኢንተርኔት የሚመጣ ምስል ብጥስጥስ ብሎ ነው የሚጓዘው፤ አንዱ ቁራጭ ቀድሞ፣ ሌላው መንገድ ስቶ ይመጣል። ሁሉም እስኪሰበሰብ መጠበቅ ግድ ነው፤ ሽርሽር እንደወጡ ተማሪዎች፣ አንድ ከጎደለ አውቶቡሱ አይነሣም። በስልክ የሚመጣ ድምፅ ግን ብቻውን እንደሚሄድ ሰው ነው፤ ሳይጠብቅ ከተፍ ይላል። ስለዚህ ምስሉ እስኪደርስ ድምፁን ይዛ ማቆየት አለባት። ስንት ሰከንድ? ይህን ለማወቅ አንድ ሰው ካሜራ ፊት ቆሞ አንዴ ማጨብጨብ አለበት። እጁ ሲጋጭ የምታይበትን ቅጽበት፣ ጭብጨባውን ከምትሰማበት ጋር ታስተያያለች፤ አለቀ።

«አጨብጭብልኝ» አለችው ባሏን በጆሮ ማዳመጫው።

«እዚህ? ይህ ሁሉ ደጋፊ እያየኝ?»

«አንድ ጊዜ ብቻ።»

«እንደ ሕፃን አላጨበጭብም። በግምት አድርጊው፤ አንቺ መቼ ያቅትሻል?»

ሙገሳው ከኋላው ተንኮል እንዳለው ታውቃለች። ግን ዳኛው ፊሽካውን አንሥቷል። በግምት አንድ ሰከንድ አቆየችው። ለካስ የሚያስፈልገው አምስት ነበር።

ነገሩ የገባት ጨዋታው ሲጀመር ነው። ወዲያው ላይ ላለው ዳይሬክተር ደወለች።

«ድምፁ በአራት ሰከንድ ምስሉን ቀድሞታል። ላስተካክለው?»

«ስታስተካክይው ምን ይሆናል?»

«አራት ሰከንድ ዝም ይላል።»

«በቀጥታ ስርጭት? ጎርናናው ዝም ካለ ሰው ሞተ ብሎ ይደውላል! እስከ እረፍት እንዳትነኪው።»

አልነካችውም። በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ክንፍ ላይ ያለው ተጫዋች ኳሷን ገና እየገፋ ሳለ ጎርናናው «ጎል! በጭንቅላት!» ብሎ ጮኸ። በየቤቱ ሰው ግራ ተጋባ። ከዚያ ኳሷ ተሻገረች፤ አንድ ረጅም ልጅ ዘለለ፤ በጭንቅላት ገባች። በሠላሳኛው ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ። መቺው ገና ወደኋላ እያፈገፈገ «ወይኔ! ወደ ሰማይ ሰደዳት!» ተባለ። መጥቶ መታ፤ ወደ ሰማይ ሰደዳት። ቀይ ካርዱማ የዳኛው እጅ ኪስ ሳይገባ ታወጀ። እነሱ ሰፈር ያለው ፀጉር አስተካካይ ምላጩን የደንበኛው ጉንጭ ላይ እንዳስቀመጠ «ይህ ሰውዬ ያያል እንዴ?» ማለቱን በኋላ ራሱ ተናግሯል።

ለእረፍት ሲወጡ እትዬ መስመር ደወለች።

«አሁን ታጨበጭባለህ ወይስ ራሴ ልምጣ?»

አጨበጨበ። ከኋላው የነበሩ ደጋፊዎች ዘፈን የጀመረላቸው መስሏቸው አብረው አጨበጨቡ። ከዚያ ሁሉ እጅ መካከል የባሏን መለየት ነበረባት። ለየችው። ሁለተኛው አጋማሽ ድምፅና ምስል እንደ ሙሽሮች ጎን ለጎን ሄዱ።

ይህን ግን ማን ይቁጠርላት! ማታ ባልና ሚስት ወደ ቤት ሲገቡ የጎርናናው እናት በር ላይ ጠበቁት።

«ድሮም አውቀው ነበር። በልጅነቱ ዝናብ ሊመጣ ሲል ይነግረኝ ነበር» አሉ።

«እማዬ፣ ደመናውን አይቼ ነው።»

«እሱማ ሁላችንም አየነው። የነገርከኝ አንተ ነህ።»

ሁለት ቀን ሙሉ ላገኘው ሁሉ ስለ ስልክና ስለ ኢንተርኔት ሲያስረዳ ከረመ። ማንም አልሰማውም። «ታዲያ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ለምን አልቀደመም?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልጠፋም ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ግን «ሰው እንዳይደነግጥ ብሎ ነዋ!» ብሎ አፉን አስያዘው።

በሦስተኛው ቀን ጎረቤታቸው መጣች። ልጇ ፈተና ተቀምጣለች። «ታልፋለች?» አለችው። ጎርናናው ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ትንሽ ቆየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ታልፋለች» አለ። ጎረቤቲቱ መርቃው ወጣች።

ሚስቱ ከጓዳ ብቅ አለች። «የሰው ልጅ የፈተና ውጤትም በስልክ መስመር ይመጣልህ ጀመር?»

«ልጅቷ ጎበዝ ናት። ማለፏ አይቀርም።»

«ዓይንህንስ ምን አስጨፈነህ?»



ሐሙስ ጠዋት የራሱ ጣቢያ በቀጥታ ስርጭት እንግዳ አደረገው፤ ከገዛ ሳሎኑ። ምስሉን በሞባይል ኔትወርክ የምትልከውን ተንቀሳቃሽ ማሽን ሶፋው ጀርባ የተከለችው ሚስቱ ናት። የአቅራቢዋ ጥያቄ ከስቱዲዮ ተነሥቶ ጆሮው እስኪገባ፣ መልሱም እስኪመለስ ሦስት ሰከንድ ይፈጃል። እሱ ጥያቄው እስኪደርሰው ፀጥ ብሎ ይጠብቃል፤ ተመልካቹ ደግሞ የሚያየው ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ በጥልቅ የሚያሰላስል ሰው ነው።

«ይህ ስጦታ ከየት መጣ?» አለች አቅራቢዋ።

ፀጥታ። ካሜራው ዓይን ዓይኑን ያየዋል፤ ከካሜራው ጀርባ ሚስቱም ዓይን ዓይኑን ታየዋለች።

«ስጦታ አይደለም» አለ በመጨረሻ። «ምስሉ ዘግይቶ ነው። እኔ እንደ ማንኛውም ሰው ካየሁ በኋላ ነው የተናገርኩት። ባለቤቴን ጠይቋት፤ እዚሁ አለች።»

«እንዴት ያለ ትሕትና ነው!» አለች አቅራቢዋ፤ ድምፅዋ እንባ ቀላቅሏል። «እስቲ እንግዲህ፣ የፊታችን ቅዳሜ ማን ያሸንፋል?»

ሚስቱ ራሷን ነቀነቀች፤ እንዳትሞክረው ማለቷ ነው። እናቱ ግን አጠገቡ ተቀምጠው ነበርና በክርናቸው ጎሸም አደረጉት።

«ባለሜዳው። ሦስት ለዜሮ» አለ።

ቅዳሜ ባለሜዳው ሁለት ለዜሮ ተሸነፈ። ሁለቱንም ጎሎች በገዛ አፉ ማስተላለፍ ነበረበት፤ ድምፁም ምስሉም አንድ ሰከንድ ሳይዛነፉ ውርደቱን ለአገር አደረሱት። ፀጉር አስተካካዩ «ድሮም አልጣመኝም» አለ። እናቱ «ዓይን በልቶት ነው፤ ማን ቴሌቪዥን ላይ ውጣ አለው?» አሉ። የጎረቤት ልጅ አለፈች፤ ነገር ግን ምስጋናው ለአስተማሪዋ ሆነ።

ሰኞ ከሰዓት እትዬ መስመር ክፍሏ ውስጥ እየሠራች ሳለ በሩ ተንኳኳ። ጎርናናው ነበር። በጋብቻቸው ዘመን ሁሉ ወደዚህ ክፍል ወርዶ አያውቅም፤ እሱ የሚያውቀው ሜዳውንና ስቱዲዮውን ነው። በብርድ እጁን እያፋተገ በመደርደሪያዎቹ መካከል ዞረ፤ ብልጭ ድርግም የሚሉትን መብራቶች አየ። ከየከተማው የሚገቡትን ትንንሽ ምስሎች በየተራ አያቸው።

«እንደዚህ ብዙ መሆኑን አላውቅም ነበር» አለ።

«ጠይቀህ ታውቃለህ?»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ የትኛው ላይ ነኝ?»

በጣቷ ከአንዱ ስክሪን ጥግ ያለች፣ የክብሪት እንጨት የምታክል አረንጓዴ መስመር አሳየችው። ድምፅ ሲኖር ከፍ ዝቅ ትላለች።

«ይህቺ?»

«ይህቺው ነህ።»

አገር የሚያውቀው ሰውዬ ጎንበስ ብሎ እንጨቷን ተመለከታት። ትንሽ ቅር ያለው ይመስላል። «ጎል ስልስ?»

«ቢጫ ትሆናለህ። ስታስል ደግሞ ቀይ። ያለፈው ወር ጉንፋንህን እኔ ያወቅሁት ሜዳ ሳለህ ነው፤ አንተ ያመነኸው ማክሰኞ አልጋ ላይ ስትወድቅ ነው።»

ይህን ሲሰማ ዝም አለ፤ በዚህኛው ዝምታ ውስጥ የኔትወርክ እጅ የለበትም።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«ነገርኩህ እኮ። ‹ሻርፕህን ያዝ› ስልህ ‹ደጋፊው ያየኛል› አልከኝ።»

ሳቀ። ጎርናናው ሳቅ ጠባቧን ክፍል ሞላት፤ የማሽኖቹ ድምፅ ለጊዜው ተዋጠ። እሷም እየሳቀች ስልኳን አነሣች፤ ከላይ ዳይሬክተሩ ነው፣ የአዳራሹ ስብሰባ ምስል ለምን እንደተቆራረጠ ይጠይቃል። ለባሏ በእጇ ምልክት ሰጥታ ወንበሩን ጠጋ አስደረገችውና ወደ ሥራዋ ዞረች።