የኪዮኖ ጣቶች

አብሮ አደጌ ቶጋሺ ኪዮኖ በመንደራችን የሳልሞን ዓሣ ማራቢያ አርባ ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ ከባሕር ወደ ወንዛችን የተመለሱትን እንስት ዓሣዎች ሆዳቸውን እየዳበሰች መለየት ነው። ሆዷ ጠንካራ የሆነችውን ገና ናት ብላ ወደ ኩሬው ትመልሳታለች፤ ሆዷ የላላውን፣ እንቁላሏ የደረሰውን፣ ለእኔ ታቀብለኛለች። እኔም የዓሣ አጥማጆችን አምላክ የኤቢሱን ስም ጠርቼ ራሷን በዱላ መትቼ እገድላታለሁ፤ ከዚያ ሆዷ ተከፍቶ እንቁላሉ ለዘር ይወሰዳል። ቸኩለን ከገደልናት እንቁላሉ ከሽፋኑ አይላቀቅም፤ ዘሩም ከንቱ ቀረ ማለት ነው።

ድሮ ወንዙ በዓሣ ይሞላ ነበር። ዘንድሮ የመጡት እንስቶች አሥራ አንድ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ከምርምር ጣቢያ ሚናጋዋ የምትባል ወጣት ተላከችልን፤ ከጅራታቸው ደም እየቀዳች ሆርሞናቸውን ትለካለች። እንቁላሉን የሚያበስለው ሆርሞን በደማቸው የሚነሣው እንቁላል ሊጥሉ አንድ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ነው አለችን። ኪዮኖ ሳቀችባት።

"የኔ ልጅ፣ አንቺ መርፌሽን ሳታወጪ እኔ ጨርሼ ምሳዬን በልቻለሁ።"

እኛም አብረን ሳቅን። እኔ እንኳን መሳቅ አልነበረብኝም። ባለፈው በረዶ ሲጥል የፈላ ማንቆርቆሪያ ሆዱን ታቅፋ ስታነሣ አይቻለሁ፤ መዳፏ ሲላጥ እንኳ አልተሰማትም። አርባ ዓመት እጇን የነከረችበት የማራቢያው ቀዝቃዛ ውሃ ጣቶቿን ገድሏቸዋል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ነገሩን በሆዴ ያዝኩት።

ሐሙስ ጠዋት ሚናጋዋ ሰባተኛዋ ዓሣ ገና ናት፣ ሆርሞኑ አልተነሣም ብላ ነገረችን።

"እማማ ኪዮኖ፣ እባክዎ ሁለት ቀን እንጠብቃት" አለች።

ኪዮኖ የዓሣዋን ሆድ ዳበሰችና "ደርሳለች" ብላ ሰጠችኝ። ስቀበላት ሆዷ ጠንካራ ነበር፤ የእኔ ጣቶች ደኅና ናቸው። ኪዮኖን በልጅቷ ፊት ማዋረድ ከበደኝና ዱላውን አነሣሁ።

ሆዷ ሲከፈት እንቁላሉ እንደ ወይን ዘለላ ተያይዞ ወጣ። ኪዮኖ አየችው፤ እጇን ታጥባ እንቁላሉን በዕቃ ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች። ያን ቀን ራሴን ጠላሁት።

በማግስቱ ያንን እንቁላል በጨው አሽታ ከሩዝ ጋር በሁለት ሳህን ይዛ መጣች። ገበያ ላይ ቢሆን የሀብታም ምግብ ነው፤ እኛ ማራቢያ ግን ዘር ሊሆን የሚገባውን መብላት ውርደት ነው። ለሚናጋዋ የገዛ ጣቶቿ ከሞቱ ዓመት ሊሞላቸው መሆኑን ነገረቻትና የቀሩትን አራት ዓሣዎች በደማቸው እንድትለይ አደራ አለቻት። ከዚያ አንዱን ሳህን ለራሷ አስቀርታ ሌላውን ወደ እኔ ገፋችው።

"ብላ፣ ኢሳኩ። አንተ ታውቅ ነበር።"

በላሁ። ቀና ብዬ ላያት ግን አልቻልኩም።