ድንኳናችን ባሕሩ ዳር

ፍልሰታ በተፈታ በሳምንቱ፣ ሁልጊዜ ሐሙስ ቀን፣ ዕቃዬን መኪናዬ ላይ ጭኜ ከምኖርባት ከተማ ከሾርላይን እነሳለሁ። ሙክልቲዮ ወደብ ላይ መኪና የሚያሻግረው መርከብ፣ ፌሪው ላይ እሳፈራለሁ። ከፌሪው ወርጄ ጥቂት እንደነዳሁ፣ ዛፍ ከበዛበት ቁልቁለት ግርጌ፣ ውሃው አጠገብ ድንኳን የሚተከልበት መስክ እደርሳለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ተመላልሼበታለሁ። ሰባቱን ከአንዲት ትልቅ ሴት ጋር፣ አራቱን ብቻዬን።

ሴትዮዋን ያወቅኋቸው ኤርፖርት ሥራ ስጀምር ነው። መራመድ የሚከብዳቸውን መንገደኞች በዊልቸር እየገፋን እስከ መሳፈሪያው በር እናደርሳለን፤ ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በዕድሜ እናቴን ስለሚያህሉ «እትዬ» እላቸው ነበር። ያደጉት አሰብ ነው፤ አባታቸው ወደቡ ላይ ክሬን ይነዱ ነበር።

መጀመሪያ የሄድነው ትዳሬ በፈረሰ ዓመት ነው። ልጅ አልነበረንም፤ ባሌ ሲወጣ ቤቱ ውስጥ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ ቀን ሁለታችንም ከሥራ ኦፍ ስንሆን እትዬ መጥተው በሬን አንኳኩና «ተነሺ፣ ፌሪ እንሳፈር» አሉኝ። ያንን ባሕር ዳር ያገኘነው መንገድ ስተን ነው። እትዬ ውሃው ዳር ቆመው ለረጅም ጊዜ ሲመለከቱ አየሁና አሰብ ትዝ ብሏቸው ነው አልኩ።

ስንመለስ ፌሪው ላይ «ደስ አለሽ?» ብለው ጠየቁኝ።

«በጣም። እርስዎስ?»

«እኔማ ባሕር ዳር ነው ያደግሁት» አሉ።

ይህን ይዤ በኅዳር ለሚቀጥለው ነሐሴ ቦታ ቡክ አደረግሁ።

እውነቱን ለመናገር ድንኳን አልወድም። በነሐሴም ቢሆን ከውሃው የሚነሳው ነፋስ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። የአየር ፍራሹ ሳይነጋ ይተነፍሳል። ጠዋት ወገቤ ተይዞ ስወጣ፣ እትዬ ጋቢያቸውን ተከናንበው በትንሿ የጋዝ ምድጃ ሻይ አፍልተው ይጠብቁኛል። ከቤት ይዘውት የመጡትን ጭኮ ቆርሰው ያጎርሱኛል።

«እንቅልፍ እንዴት ነበር?»

«ደህና ነበር፣ እትዬ።»

«ጎሽ።»

ብዙም አናወራም ነበር። ውሃው ጎድሎ ባሕሩ ከዳር ሲሸሽ ክንዴን ይዘው ዳር ዳሩን እንሄዳለን። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ዳሩ ላይ ካለ አንድ ትልቅ ቋጥኝ አልፈን አናውቅም።

ከሰባት ዓመት በኋላ ዳላስ ያለው ልጃቸው «እኔ ጋ ይኑሩ» ብሎ ወሰዳቸው። የሄዱ ዕለት ከቤታቸው ወስጄ፣ እስከ አውሮፕላኑ በር ድረስ በዊልቸር የገፋኋቸው እኔ ነኝ። «ያንን ቦታ እንዳትተዪው» አሉኝ። አልተውኩትም።

ባለፈው ነሐሴ ድንኳኔን እንደተከልኩ ደወልኩላቸው። ባሕሩ ዳር መሆኔን ስነግራቸው ደስ አላቸው።

«ፎቶ እልክልዎታለሁ» አልኳቸው። «መቼም ባሕሩ ይናፍቅዎታል።»

«ልጄ፣ እኔ እኮ ባሕር አልወድም። አሰብ እያለን ሙቀቱም ጨዉም አንገፍግፎን ነበር። አባቴ ወደ አዲስ አበባ የተቀየሩ ዕለት እናቴ እልል ብላለች።»

«ታዲያ ለምን ይመጡ ነበር?»

«ለአንቺ ብዬ ነዋ። መጀመሪያ የሄድን ቀን አሸዋው ላይ ጋደም ብለሽ ሦስት ሰዓት ተኛሽ። ሰውዬው ከወጣ ወዲህ ዓይንሽ ተከድኖ አያውቅም ነበር። ቦታው ያስተኛታል ብዬ ነው።»

«እኔም ለእርስዎ ብዬ ነው» የሚለው ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ግን በዚያ ጉልበታቸው ሰባት ዓመት ቀዝቃዛ መሬት ላይ ተኝተዋል።

«እውነትዎን ነው» አልኳቸው። «እዚህ ጥሩ እንቅልፍ እተኛለሁ።»

«አውቄዋለሁ» አሉ። ስለ ልጅ ልጆቻቸው ጥቂት አወሩኝና ተሰነባበትን።

ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ዞር ስል ግን አብሮኝ የሚስቅ ሰው አልነበረም። አንዳችን አንድ ቀን «በረደኝ» ብንል ኖሮ ስንት ነገር እናወራ ነበር። ተነስቼ የድንኳኑን ካስማዎች መንቀል ጀመርኩ። ከአጠገቤ ከልጆቿ ጋር የሰፈረች ፈረንጅ «ልትሄጂ ነው?» አለችኝ። ሁለቱን ነቅዬ ነበር። «እንጃ» አልኳትና መልሼ ተከልኳቸው።

ባሕሩ ሸሽቶ ነበር። ብቻዬን ዳር ዳሩን ሄድኩ፤ ቋጥኙንም አለፍኩ። ከወዲያ ያለው ያው ጠጠርና ባሕሩ የተፋቸው ግንዶች ናቸው፤ አንዲት ቀጭን ጅረት ከጫካው ወርዳ ባሕሩ ውስጥ ትገባለች። እጄን ነከርኩባት። እስኪመሽ ድረስ ሰው የሚባል አላየሁም።

እስከ እሑድ ቆየሁ፤ አንዱንም ሌሊት በደንብ አልተኛሁም። ኅዳር ላይ፣ ወደ ሥራ ስሄድ ባቡሩ፣ ላይት ሬይሉ ውስጥ ሆኜ፣ ያንኑ ቦታ ለዘንድሮ ያዝኩት። አሁን ለማንም ብዬ ነው ማለት አልችልም። ነፋሱን ግን ዛሬም አልወደውም።