በጨዋታ ቀን አትምጪ

በኬረርነት፣ ማለትም አረጋውያንን በየቤታቸው በመንከባከብ፣ የምሠራበት ኤጀንሲ ዊልስደን የሚባል ሰፈር ወደሚኖሩ አንድ ጣሊያናዊ አዛውንት ቤት መደበኝ። መጀመሪያ የሄድኩት እሑድ ከሰዓት፣ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ነበር። ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው የአገራቸውን ኳስ ያያሉ። ምሳቸውን አሙቄ ወደ ሳሎን ስገባ ቡድናቸው ላይ ግብ ተቆጠረ። ዳኛውን አልተራገሙም፣ በረኛውንም አልሰደቡም፤ ዞር ብለው እኔን አዩኝ።

በሚቀጥለው እሑድም እንዲሁ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ጨዋታ ሲጀመር ወጥ ቤት እንድቆይ ይነግሩኝ ጀመር። በበሩ ክፍተት አጮልቄ ሳይ ከኪሳቸው ትንሽ ቀይ ቀንድ አውጥተው በጣታቸው ያሻሹታል። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ የጥንቆላ ነገር መሰለኝና ሰሃን እያጠብኩ በልቤ ስጸልይ ቆየሁ።

በአራተኛው ሳምንት ከኤጀንሲው ተደወለልኝ። አዛውንቱ ለእሑድ ብቻ ሌላ ሰው ጠይቀዋል። ምክንያቱን ቼክ እንዲያደርጉልኝ ብለምንም፣ ሰውዬው ምክንያት አልሰጡም አሉኝ። ማክሰኞ ስሄድ ጫማቸውን እያሰርኩላቸው ራሴው ጠየቅኳቸው።

«ጥቁር ስለሆንኩ ነው ያልፈለጉኝ?»

ደነገጡ። «አይደለም» አሉ። «አንቺ ስትገቢ ይገባብናል።»

ከዚያ ብዙ አወሩኝ። በእሳቸው ከተማ ከጨዋታ በፊት «እናሸንፋለን» የሚል ሰው አይወደድም። ቀንዱም ክፉ ዓይን መከላከያ ነው። አባታቸው ቡድናቸው ያሸነፈ ዕለት የለበሱትን ካፖርት በበጋም አያወልቁም ነበር። የአገራቸው የድሮ አጨዋወት ስሙ ራሱ «መቀርቀሪያ» ነው፤ አንድ አግብቶ በሩን መዝጋት። የጨዋታ ውጤት በገንዘብ ሲሸጡ የተያዙ ሰዎችን ደጋግመው ስላዩ፣ ዳኛ ባፏጨ ቁጥር ማን ከፍሎት ይሆን ይላሉ።

ነገሩ እንግዳ አልሆነብኝም። እኛም አገር ሙሽራ በገባች ሳምንት ላም ከሞተች «እግሯ ነው» ይባላል። ግን አላመንኳቸውም። ሰው መልክሽን ሲጠላ ሰበብ አያጣም።

ሌላዋ ኬረር ሦስት እሑድ ሄደች፤ ሦስቱንም ተሸነፉ። አዛውንቱ ራሳቸው ለኤጀንሲው ደውለው ለእሑድ እኔን አስመለሱኝ። ስደርስ ይቅርታ አልጠየቁም፤ አጠገባቸው ያለውን ወንበር በእጃቸው አሳዩኝ። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ጎን ለጎን ተቀምጠን አየን። ባዶ ለባዶ አለቀ። እኔ ጊዜያችንን በከንቱ ያጠፋን መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ግሩም ጨዋታ ነው አሉና ሾርባቸውን ጠየቁኝ።

ሾርባውን እያሞቅኩ፣ ያኔ እውነቱን ነግረውኝ ይሆን ወይስ መልኬን ጠልተው፣ ሌላ ሰው ስላጡ ብቻ ነው የጠሩኝ እያልኩ አሰብኩ። እስከ ዛሬ አልጠየቅኳቸውም።