ዳርላ ያልነካችው አንገት

ዳርላ ቡሽካምፕ መጀመሪያ የወደቀችው ስለማታውቅ አይደለም። እጇ አብዝቶ ስላወቀ ነው።

ዳቨንፖርት ከተማ ውስጥ ካይሮፕራክቲክ የተማረ ሰው፣ ማለትም እኛ ወጌሻነት የምንለውን የአከርካሪ ሥራ በዶክተርነት ሊሠራ የፈለገ፣ የጽሑፉን ፈተና ሁሉ ካለፈ በኋላ የእጅ ፈተና ይጠብቀዋል። ረጅም ኮሪደር ነው፣ ግራና ቀኙ የተዘጋ በር። ደወል ሲደወል ትገባለህ። አልጋው ላይ ለቀኑ የተቀጠረ "ታማሚ" ተጋድሟል፤ ያጠናውን ቃል ብቻ ይናገራል። ጥግ ላይ ፈታኙ ተቀምጦ ነጥብ ይይዛል። ተፈታኙ አጥንቱን ያገኛል፣ እጁን ያስቀምጣል፣ እስኪወጠር ያስጠጋል፣ እዚያ ላይ ይቆማል። መግፋት፣ ማለትም አጥንቱን በድንገት ተጭኖ ማስጮህ፣ ክልክል ነው። የገፋ ወደቀ።

ዳርላ ገፋች።

ምን ታድርግ? ከወጣትነቷ ጀምሮ አሳማ ፋብሪካ ቢላ ይዛ ስትበልት የኖረች ሴት ናት። ወገቧ እምቢ ብሎ ስትጎብጥ አንድ ሽማግሌ ካይሮፕራክተር ቀጥ አድርጎ አቆማት፤ እሷም ቢላውን አስረክባ በአርባ ዓመቷ ተማሪ ቤት ገባች። የፋብሪካ ጓደኞቿ ሳቁባት።

"ዶክተሬ፣ አሳማውንም ታስተካክይዋለሽ?"

"አሳማው ካንቺ ይሻላል፤ ተኛ ሲሉት ይተኛል።"

ተማሪ ቤት ሌት ተቀን ግፊ፣ በፍጥነት ግፊ፣ ሲሏት ከረሙ። ስለዚህ ፈተናው ላይ ሰውየው ትንፋሹን ሲለቅና ጡንቻው ሲላላ፣ እጇ እሷን ሳይጠይቅ ሄደ። ጀርባው ቀው አለ። ሰውየው "ተመስገን" አለ። ካጠናው ቃል ውስጥ ይህ አልነበረም።

ቤቷ ገብታ ጮኸች፤ "እድሜ ልኬን ግፊ ብለውኝ ሲያበቁ፣ የገፋሁ ቀን ጣሉኝ።"

እናቷ አይርማ ድንች እየላጠች ነበር። "በቀን ስንቱ ነው ያን ሰውዬ የሚይዘው?"

"ብዙ ነን።"

"ታዲያ በር ነው እንዴ፣ የመጣ ሁሉ የሚገፋው? ደህና መሆኑን ጠየቅሽው?"

ዳርላ አልጠየቀችውም። ፈታኙም አልጠየቀውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መቆምን ተለማመደች። እናቷን ሳሎን ውስጥ አስተኝታ፣ እስኪወጠር አስጠግታ፣ እጇን ታነሳለች። "ይኸውልሽ፣ ደግሞ ግማሽ መንገድ ላይ አወረድሽኝ" ትላለች አይርማ።

ሁለተኛው ፈተና ደረሰ። ብዙዎቹን በሮች በደንብ አለፈች። የአንገቱ ክፍል ውስጥ የተጋደመው ቨርል የሚባል፣ ከትራክተር ፋብሪካ የተቀነሰ ስድሳ ያለፈው ሰው ነው። "ግራ አንገቴን ይይዘኛል" አለ፣ እንዳጠናው። ዳርላ ጣቶቿን ከስር አስገባች። ግራው ደህና ነው። ቀኙ እንደ ጣውላ ደርቋል፤ ገና ስትነካው ሰውየው እግሩን ሰበሰበ።

"እዚህ ጋ ያምዎታል?"

"ምንም አይልም።"

እዚህ አገር ይህን ቃል የሰማ ሰው መደንገጥ አለበት። በቆሎ ማጨጃ ጣቱን የወሰደው ገበሬ "ምንም አይልም" ይላል። ሚስቱን የቀበረም በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት የሐዘን ምሳ ላይ ተቀምጦ "ምንም አይልም" ይላል። ጨዋነት ነው ይሉታል። ጨዋነት አይደለም፤ ሰው ቀስ ብሎ የሚሞትበት መንገድ ነው። ትምህርት የጠገቡትም አብረው ይህንኑ ያመልካሉ፣ ስለሚመቻቸው።

ዳርላ እጇን አነሳች። "ዛሬ የገፋዎት ሰው አለ?"

ቨርል ጣሪያ ጣሪያውን አየ። "ቀጥዪ የኔ ልጅ። ያዞረኛል እንጂ ሌላ ምንም የለም። የቀን ክፍያዬን አታበላሺብኝ።"

"ያዞርዎታል?" ወደ ፈታኙ ዞረች። "የገፋው ሰው ነበር?"

"ተፈታኟ ይቀጥሉ" አለ ፈታኙ።

"ነበር ወይ ነው ያልኩዎት?"

"ከእርስዎ ቀደም ብሎ የገባው። ተገቢው ነጥብ ተሰጥቶታል። ታማሚውም ሲጠየቅ ምንም አይልም ብሏል።"

"ለሱ ነጥቡን ሰጣችሁት። ለዚህ አንገትስ ምን ሰጣችሁት?"

"ጊዜዎ እያለፈ ነው።"

"ይለፍ። እኔ አልነካውም፣ ሌላም ሰው አይነካውም።"

ደወል ሳይደወል በር መክፈትም ክልክል ነው። ከፈተችው። እያንዳንዱ በር ላይ የቆመው ተፈታኝ ዘወር አለ። "እዚህ የተጎዳ ሰው አለ፣ ሐኪም አምጡ" አለች። ድምጿን ከፍ ያደረገችው የፋብሪካውን ማሽን አሸንፋ እንደምትጣራው ነው።

ቨርልን አንገቱን ደግፈው ወሰዱት። ሲያልፍ ተቆጣ፤ "ማን ለመነሽ?"

"ማንም" አለች።

በኋላ የፈተናው ጽሕፈት ቤት አስጠራት። የተቀበለቻት ሴት ደግ ነበረች፤ የደግ ሰው ነገር ደግሞ ያስፈራኛል። "እንዲህ እናድርግ" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ክፍሉ ውስጥ አመመኝ፣ አዞረኝ ብለሽ ፈርሚ። ያ ክፍል ይሰረዝልሽና ሌላ ቀን ትደግሚዋለሽ። ያለዚያ ዜሮ ነው፣ ዜሮው ደግሞ ይጥልሻል።"

"እኔን አላዞረኝም። እሱን ነው ያዞረው።"

"እሱማ ገብቶኛል፤ ለወረቀቱ ያህል ነው።"

"ለወረቀቱ ያህል ነዋ ሰውየውን አልጋ ላይ ያቆያችሁት።"

አልፈረመችም። ወደቀች።

ሰፈሩ ኩራት ነው አለ። ፋብሪካ የቀሩት ጓደኞቿ ቢላሽ ይጠብቅሻል ብለው ቀለዱ። ብትፈርም ማን ይጎዳ ነበር ያሉኝም አሉ። ቨርል ነበር የሚጎዳው። እሷ አመመኝ ብላ ብትፈርም ኖሮ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ የታመመ ሌላ ሰው እንዳልነበረ በጽሑፍ ይቀመጥ ነበር። ይህን ለማስረዳት ስንት ጊዜ ድምፄን እንዳነሳሁ!

አይርማ ብቻ በቀጥታ ጠየቀቻት። "ገፋሽ፣ ወደቅሽ። አልነካም አልሽ፣ ወደቅሽ። አሁንስ?"

"ተመልሼ እገባለሁ።"

"እነሱ ካልፈለጉሽስ?"

"እነሱ እንዲፈልጉኝ አይደለም የምገባው።"

በረዶው ሊጥል ሲል እንደገና ያ ኮሪደር ላይ ቆመች። ደወል ተደወለ። አንዱን በር ስትከፍት አልጋው ላይ ቨርል ተጋድሟል።

እሱም አያት። ፊቱን አላጠቆረም። "ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ግራ አንገቴን ይይዘኛል" አለ።

ዳርላ አልነካችውም። "የእውነት ነው የወረቀት?"

አዲሱ ፈታኝ ቀና አለ። ታማሚ ካጠናው ውጪ አይናገርም።

ቨርል "የወረቀት ነው" አለ። "የእውነት ካመመኝ ያመኛል እላለሁ። ስነሳም ለዚህኛው ሰውዬ እነግረዋለሁ።"

ስድሳ ዓመት ሙሉ "ምንም አይልም" ሲል ለኖረ ሰው ይህ ትልቅ ንግግር ነው። ዳርላ እጇን ከስር አስገባች፣ አጥንቱን አገኘች፣ አስጠጋች። ቨርል ትንፋሹን ለቀቀ፤ ጡንቻው ላላ። እጇ መሄድ ፈለገ። አልሄደም።

አለፈች፤ የሥራ ፈቃዱንም አገኘች። ክሊኒኳ ከከተማዋ ወንዝ ማዶ ነው፤ "ምንም አይልም" የሚል ሰው አልጋዋ ላይ አይወጣም። መጀመሪያ የመጣችው እናቷ ነበረች። ጫማዋን አውልቃ ተጋደመች።

"የት ነው?"

"ኧረ እኔ ምንም..."

"እማዬ።"

"እሺ። ወገቤን ያመኛል። ቆይቷል።"

ዳርላ ገፋች።