ኪሴ የከተትኳት ቀጭን ጥይት

ይህን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም፤ ባለቤቴም ሳትሰማው ነው የሞተችው። ትምህርቴ ጥቂት ነውና አጻጻፌን ታገሡኝ፤ ሥራዬን ግን አትታገሡልኝ።

ስዊድን አገር፣ ፊቲያ የሚባል ሰፈር ስኖር ሌናርት የሚባል ስዊድናዊ ጎረቤት ነበረኝ። አውቶቡስ ጋራዥ አብረን ሠርተን አብረን ጡረታ ወጣን። አደን ያስተማረኝ እሱ ነው። የአደን ፈቃድ ፈተናውን መጽሐፍ ማንበብ ሲያቅተኝ፣ እሱ ቀስ ብሎ እያነበበ አስጠናኝ። ከሁሉ በፊት ያስያዘኝ ይህን ነው፦ ለትንሿ ሚዳቋ ቀጭን ጥይት ይበቃል፤ ለትልቁ አጋዘንና ለዱር አሳማ ግን ስድስት ነጥብ አምስት ሚሊሜትር ወይም ከዚያ የወፈረ ያስፈልጋል። እንስሳው ሳይሠቃይ እዚያው እንዲወድቅ ነው።

እኔ ግን እዚያው እንዲወድቅ አልፈለግሁም።

ባለቤቴ «በስመ አብ ተብሎ ያልታረደ ሥጋ እቤቴ አይገባም» ትል ነበር። አንድ ጊዜ ቀጭን ጥይት በሚተኩሰው ጠመንጃዬ የመታኋትን ሚዳቋ ነፍሷ ሳትወጣ ደርሼ አርጄ አመጣሁ። ዘመድ በላ፣ መረቀኝ፣ ልቤ አበጠ። የልጅ ልጄ ክርስትና ሲደርስ፣ የዱር አሳማውን ለፈረንጆቹ ትቼ ትልቁን አጋዘንም እንዲሁ በቀጭኑ መትቼ ነፍሱ ሳትወጣ አርደዋለሁ አልኩ። እኔ አሰብኩት። ማንም አልመከረኝም።

ያን ቀን ሌናርት መኪና ውስጥ፣ «ዛሬ የሚወጡት ትልልቆቹ ናቸው፤ ያን ወፍ ማባረሪያህን እቤት ተውከው አይደል?» ብሎ ሳቀብኝ።

«ተውኩት» አልኩ፤ የጠመንጃ ከረጢቴ ውስጥ የነበረው ግን እሱው ቀጭኑ ነው።

ሁለቱ ጠመንጃዎቼ ከሩቅ አይለዩም፤ እሱም ከረጢቱን ከፍቶ አላየም። ለምን ያያል? ያመነኝ ሰው!

አጋዘኑ በመካከላችን ወጣ። እኔ ተኮስኩ፤ እሱም አከታትሎ ተኮሰ። አጋዘኑ ሆዱን ሰብስቦ ጫካ ገባ። ቢላዬን ይዤ ሮጥኩ፤ አልደረስኩበትም። ውሻ ያገኘው በማግስቱ ነው፤ ነፍሱ አልወጣችም ነበር። በዚያ ብርድ፣ በዚያ ቁስል እንዴት አደረ? የአደኑ መሪ ጭንቅላቱን በጥይት መትቶ ገላገለው።

ሌናርት ቆቡን አወለቀ። «የኔ ጥይት ነው» አለ። «እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። እሱ እንዲህ አይመታም» ብሎ ወደ እኔ አመለከተ። አብረውን ያደኑት ሰዎች አመኑት። እኔ ቢላዬን መዝዤ ልገፍፈው ጎንበስ አልኩ።

የገፈፍኩት እኔ ነኝ። ሆዱ ውስጥ የነበረችው አንዲት ጥይት ብቻ ናት፤ ተጣማለች፣ ግን ቀጭን ናት። የእኔዋ። ጣቴ ነካት። አወጣኋት። ኪሴ ከተትኳት። «የኔ ናት» ማለት ምን ያህል ትንፋሽ ይፈጅ ነበር? ሌናርት እኮ እዚያው ጎኔ ቆሞ ነበር! አላልኩም።

ሌናርት ከዚያ ወዲያ አልተኮሰም። ወፍራሙን ጠመንጃውን ለእኔ ሰጠኝ። «አንተ ጋ ይሁን፤ አንተ እንስሳ አታሠቃይም» አለኝ። እኔም አመስግኜ ተቀበልኩ። ሰምታችሁኛል? አመስግኜ ተቀበልኩ።

ጫካውን የለመደ ሰው በረንዳ ላይ ቀረ። ልጠይቀው ስሄድ ቀኝ እጁን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ያየዋል፤ «ይሄ እጅ» ይላል። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ስለ አየሩ አወራለሁ። እጁን እንደወቀሰ ሞተ።

የሰጠኝ ጠመንጃ እኔ ቤት ብረት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቀጭኗ ጥይትም አብራው አለች። ይቅርታ የምጠይቀው ሰው አፈር ውስጥ ነው። ስለዚህ እናንተን ማሩኝ አልልም፤ የእናንተ አይደለም። ያ እጅ ግን አልበደለም። ይህን ብቻ እወቁለት።