ለወንድሟ የቸኮለችው
የሻሽወርቅን ባሕር ዳር ያሉ ዘመዶቿ የሚያውቋት በሳቋና በሰውነቷ ግዝፈት ነበር። እናትና አባታቸው ሲሞቱ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጥራ ታናሽ ወንድሟን ቢያዝንን አሳደገች፤ አስተምራም ለኮሌጅ መምህርነት አበቃችው። የቢያዝን ኩላሊቶች ሥራ አቁመው ደሙ በማሽን መታጠብ ሲጀምር፣ «የእኔን አንዱን ስጡት» ለማለት አላመነታችም።

ምርመራው ኩላሊቷ ለወንድሟ እንደሚስማማ አሳየ። ዶክተር ማህሌት ግን አንድ ነገር ጠየቀቻት።

«በዚህ ክብደትና በዚህ የደም ግፊት ቀዶ ጥገናው ለእርስዎም ያሰጋል። ቀስ ብለው ይቀንሱ። ምግብ እንዳይተዉ፤ ዘይቱንና ስኳሩን ቀነስ፣ ጎመኑንና ምስሩን በርከት ያድርጉ። በእግርዎ ይሂዱ። በጥቂት ወራት ይደርሳሉ።»

«ወራት?» አለች የሻሽወርቅ። ወንድሟ ከእጥበት ሲመለስ ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚራመደው።

አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ስብ ያቀልጣል የተባለ ሻይ ከኢንተርኔት ነጋዴ አስመጣችላት። ከዚያ ወዲህ ሎሚ በውሃና ያ ሻይ ብቻ ሆነ ቀለቧ። ቀሚሷ ሰፋት፤ ሚዛን ላይ በወጣች ቁጥር ፊቷ ይፈካል። ፀጉሯ ሲነቃቀል፣ ባቷን ቁርጠት ሲይዛት፣ ልቧ ያለ ምክንያት ሲደልቅ ለማንም አልተናገረችም።

«እትየ፣ ምነው እንዲህ ከሳሽ?» አላት ቢያዝን።

«ጾምሁ።»

«ጾምስ ይፈታል። አንቺ ከታመምሽ እኔ ምን ይውጠኛል?»

«አንተ ብቻ ጠብቀኝ» አለችው።

አንድ ጠዋት ሥራ ላይ ሳለች ተዝለፍልፋ ወደቀች። ስትነቃ ክንዷ ላይ ግሉኮስ ተሰክቷል፤ ዶክተር ማህሌት አጠገቧ ቆማለች።

«ሻዩ የሰውነትዎን ውሃና ማዕድን አሟጦታል። ልብዎ ሊቆም ነበር። ኩላሊትዎም ተጎድቷል።»

«ይድናል?»

«ለእርስዎ ይድናል። ለመስጠት ግን አሁን አይሆንም።»

የሻሽወርቅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቢያዝን ሊጠይቃት ሲመጣ ዓይኑን ማየት አቃታት። እሱ ግን አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ እግሯን እያሻሸ፣ «አንቺ ዳኝልኝ እንጂ» ይላል።

እሷ ዳነች። ቢያዝን ክረምቱን አልተሻገረም።

ከሐዘኑ በኋላ ሐኪሟ ያለቻትን አንድ በአንድ ፈጸመች። ቁርሷን ትበላለች፤ ምሳዋ ዘይት ያልበዛበት ሽሮ ከጎመን ጋር፣ አንዳንዴም የጣና ዓሣ ቅቅል ነው። ጠዋት ጠዋት ከሟች ሚስት ከኪዲ ጋር በሐይቁ ዳር በእግሯ ትሄዳለች። መጀመሪያ ቶሎ ትደክም ነበር፤ እያደር እግሯ በረታ። ክብደቷ ሳታስበው ወረደ፤ ግፊቷም ረገበ።

በቀጠሮዋ ቀን ዶክተር ማህሌት ውጤቱን ደጋግማ አየችው። «ኩላሊትዎ ሙሉ በሙሉ አገግሟል» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«አሁን ቢሆን መስጠት እችል ነበር?»

ሐኪሟ ልትዋሻት አልፈለገችም። «ይመስለኛል፤ ይችሉ ነበር።»

የሻሽወርቅ አመስግና ወጣች። ኪዲ በር ላይ ትጠብቃታለች።

«ምን አሉሽ እትየ?»

«ደህና ነሽ አሉኝ» አለች። ኪዲ ደስ ብሏት አቀፈቻት፤ የሻሽወርቅ ግን ትከሻዋ ላይ ተደፍታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።