ወንበር በግማሽ ይቀነስ

የወረዳው ምክር ቤት አዳራሽ ጠባቂ «ሊቀመንበር» ይባላል። ስሙን ያወጡለት የምክር ቤቱ አባላት ናቸው። ወንበር የሚደረድረው፣ የሚያነሳው፣ እግሩ የተወላገደውን የሚጠግነው እሱ ስለሆነ፣ ለመንበር ከሱ በላይ ሊቅ ከየት ይመጣል ብለው ቀለዱ፤ ቀልዱም በዚያው ስም ሆኖ ቀረ። ስብሰባውን የሚመራው እውነተኛው ሊቀመንበር መጀመሪያ ላይ ቅር ብሎት ነበር። በኋላ ግን ሰዉ አልመለስ ሲለው ማዕረጉን ለጠባቂው ለቀቀና እሱ «ሰብሳቢ» መባልን መረጠ። በዚያ ወረዳ ያለ ምርጫ፣ ያለ ድምፅ ቆጠራ፣ ያለ ግምገማም ሥልጣኑ የጸናለት ሰው ቢኖር ይኸው የኛ ሰው ነው።

ሊቀመንበር የሚኖረው ከአዳራሹ ጀርባ፣ ከአዳራሹ ጋር ግድግዳ በምትጋራ አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሏ ከሥራው ጋር የመጣች ናት። ሚስቱን ያስገባው እዚያ ነው፤ ሁለት ልጆቹን አሳድጎ የዳረውም ከዚያው ነው። ግድግዳው ስስ በመሆኑ እሱ ሻይውን እየጠጣ የወረዳው በጀት ሲጸድቅ ይሰማል። ማን ከሥራው እንደተነሳ፣ የየትኛው ሰፈር መንገድ ለከርሞ እንደተላለፈ፣ ወሬው ገበያ ሳይደርስ እሱ አጣጥሞ ጨርሶታል። ክፍሏን እንደ ቤት ብቻ ሳይሆን እንደ ሹመት ነበር የሚያያት። ከሚስቱና ከክፍሏ የቱን እንደሚያስቀድም መጠየቅ ነውር ስለሆነ ማንም አልጠየቀውም።

እንግዲህ ያ ዓመት የመዋቅር ዓመት ሆነ። የላይኛው ከተማ ወረዳና የታችኛው ከተማ ወረዳ ተዋህደው አንድ ይሆናሉ ተባለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ በወረዳው ውስጥ ሥራ የሚሠራ ሰው የውሃ ሽታ ሆነ። እያንዳንዱ በር ላይ ያለው ሰሌዳ «ተጠባባቂ» የሚል ቃል ተጨመረበት። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ጡረታ ሲወጣ በምትኩ ከእንስሳት ጤና ክፍል አንድ ሐኪም አምጥተው ተጠባባቂ ኃላፊ አደረጉት። ሰውየው ላም ብታመጣለት ያክምልሃል። አቤቱታ ይዞ የመጣ ሰው ፊቱ ሲቆም ግን ከየት ጀምሮ እንደሚመረምር ግራ ይገባዋል። ምክር ቤቱም ቢሆን ቀኑን ሙሉ ተሰብስቦ፣ በዚህ የሽግግር ጊዜ መሰብሰብ ይቻላል ወይ በሚል አጀንዳ ሲከራከር ዋለና ሳይስማማ ለሌላ ስብሰባ ተቀጣጠረ።

ይህ ሁሉ ለሊቀመንበር ጨዋታ ነበር። ሳቁ የጠፋው ለሁለቱ ወረዳዎች የሚቀረው አዳራሽ አንድ ብቻ መሆኑን በግድግዳው በኩል የሰማ ዕለት ነው። የማይመረጠው አዳራሽ የማዳበሪያ መጋዘን ይሆናል፤ ከጀርባው ያለው ክፍልም አብሮ ይሄዳል። የታችኛው ከተማ አዳራሽ ደግሞ ገና ትናንት የተሠራ፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ መስኮቱ ሁሉ መስታወት ነው። እሱ የሚጠብቀው የላይኛው ከተማ አዳራሽ ግን ዝናብ ሲመጣ ተሰብሳቢው ከነወንበሩ ወደ መሃል ይሸሻል። ሊቀመንበር ሁለቱን በሐሳቡ ሲያስተያይ ልቡ ወለቀ።

እጁን አጣጥፎ ግን አልተቀመጠም። ግድግዳውን ኖራ ቀባ፣ ጣሪያውን ደፈነ፣ ወንበሮቹን አንድ ባንድ እየገለበጠ ምስማር መታ። ሰብሳቢውን ደጅ ጠና፤ ሰብሳቢውም የራሱ ነገር ሳይለይለት የሰው ነገር መያዝ ስላልቻለ አይዞህ ከማለት አላለፈም። ማታ ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ምን ተባለ ብላ ትጠይቀዋለች። እሱም ተስፋ አለው፣ አትስጊ ይላታል። ይሄኔ ፊቷን ታዞርና ብርድ ልብስ ማጣጠፍ ትጀምራለች። ወሩ እየገፋ ሲሄድ ብርድ ልብሱ በገመድ ታሰረ፣ ድስቶቹ አንዱ ባንዱ ውስጥ ገቡ፣ የግድግዳው መስታወት በጋዜጣ ተጠቀለለ። ሊቀመንበር ይህን ባየ ቁጥር ሆዱ ይባባል። ምስኪን፣ በፍርሃት አለቀች ይልና በበነጋው ኖራውን ይደግመዋል።

አዳራሾቹን አይቶ የሚመርጥ ቡድን ከበላይ ይመጣል የተባለው ለዓመቱ ሦስተኛ ጉባኤ ሰሞን ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ለተጠባባቂው ኃላፊ ስልክ ተደወለ። መስመሩ ይንተባተባል። ተጠባባቂው «እሺ፣ እሺ» ሲል ቆየና ስልኩን ዘግቶ ሊቀመንበርን አስጠራው። ከበላይ የመጣ መመሪያ አለ፣ ለዚህ ጉባኤ ወንበር በግማሽ ይቀነስ ተብሏል አለው። እዚህ ላይ ማንም ሰው ለምን ብሎ መጠየቅ ነበረበት። ነገር ግን በመዋቅር ዓመት ለምን ብሎ የጠየቀ ሰው መጀመሪያ እንደሚቀነስ ሁለቱም ያውቃሉ። ሊቀመንበር ወንበሮቹን ለሁለት ከፈለና እኩሌታውን ተሸክሞ መጋዘን ከተተ፤ ተጠባባቂው በሩን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ጨመረ።

የበላዮቹ ያሉት ሌላ ነበር። ወረዳዎቹ ሲዋሃዱ የእያንዳንዱ ምክር ቤት የአባላት ወንበር በግማሽ ስለሚቀነስ አባላቱን አዘጋጁ ነው ያሉት። ወሬው ለአባላቱ በሌላ በኩል ደርሷቸዋል። ከጉባኤው ቀሪ የሆነ አባል ቀድሞ ይወጣል የሚል ነገር ስለተጨመረበትም፣ ከተመረጡ ወዲህ የአዳራሹን በር ረግጠው የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ ሱፍ ለብሰው በጠዋት ግልብጥ ብለው መጡ። በሩን ከፍተው ሲያዩ የወንበሩ እኩሌታ የለም።

ጉድ ፈላ። ቅነሳው በጉባኤ ተነግሮ፣ ተከራክረውበት፣ ይግባኝ ብለውበት የሚፈጸም መስሏቸው ነበር የመጡት። እነሆ ተፈጽሞ ጠበቃቸው። የተቀመጠ ቀረ፣ የቆመ ወጣ ማለት ነው ብለው አንድ ላይ ደመደሙና አዳራሹ ውስጥ ታይቶ የማያውቅ ሩጫ ሆነ። ጉልበቱን እንደሚያመው ስንት ዓመት ሲነግራቸው የኖረ ሰው ጠረጴዛ ዘሎ ተቀመጠ። ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተጣበቁ፤ አንዱ ቢያስነጥሰው ሌላው ይወድቃል። በስብሰባ ሁሉ አንቀላፍተው «እደግፋለሁ» ሲሉ ብቻ የሚነቁት ሽማግሌ ዛሬ ወንበራቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም። ዘግይቶ የደረሰው ሰብሳቢ መቀመጫ አጣ። ለምን ብሎ ለመጠየቅ አፉን ከፈተና፣ ምናልባት የኔም ነገር ተወስኖ ይሆናል ብሎ ዘጋው። ስብሰባውን ቆሞ መራ።

ሊቀመንበር ነገሩ ሲገባው ወደ ተጠባባቂው ሮጠና መጋዘኑ ይከፈት ብሎ ለመነው። ተጠባባቂው በመመሪያ የገባ ወንበር ያለ መመሪያ አይወጣም አለው። ሻይ ሲዞር ማንም አልተነሳም፤ ሽንት የያዘው ሁሉ ጥርሱን ነክሶ ተቀመጠ። ቡድኑ የደረሰው ልክ በዚህ ሰዓት ነው። ሊቀመንበር በሩ ላይ ሲያያቸው ክፍሌ አለቀላት ብሎ አንገቱን ደፋ።

የቡድኑ ሰዎች ግን በሩ ላይ ቆመው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ጠዋት ከታችኛው ከተማ ነበር የመጡት። እዚያ የአዳራሹ ጠባቂ ቁልፉን ይዞ ዘመድ ጥየቃ ሄዶ ስለነበር ያን የሚያብረቀርቅ ወለል በመስኮት አይተው ተመልሰዋል፤ ውስጡ ሰው አልነበረም። እዚህ ደግሞ ሕዝቡ ወንበር ጠፍቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ የተቀመጠው ለሽንት እንኳ አይነሳም፣ ሰብሳቢው በትሕትና ቆሞ ያወያያል። በሥራ ዘመናቸው እንዲህ ያለ ተሳትፎ አይተው እንደማያውቁ ተነጋገሩ። ሳምንት ሳይሞላ የላይኛው ከተማ አዳራሽ ተመረጠ፤ ተጠባባቂው ኃላፊም ስለ ስብሰባ አመራር ለሌሎች ወረዳዎች ልምድ እንዲያካፍል ተጠየቀ።

ሊቀመንበር ምድር አልበቃው አለ። አዳራሹን በሩጫ ዞሮ ቤቱ ገባና ተርፈናል፣ ማንም አይነካንም አላት። ሚስቱ የታሰረው ብርድ ልብስ ላይ ቁጭ አለች። የደስታ እንባ መስሎት እሱም አጠገቧ ተቀመጠ። እሷ ግን በዚያ ሁሌም በሚያውቀው ዝቅተኛ ድምፅ፣ «እኔ እንዲዘጋ ስጸልይ ነው የከረምኩት» አለችው።

የሰማውን ስላላመነ ምን አልሽ አላት።

«እንዲዘጋ። ታችኛው ከተማ ብትመደብ ብዬ እህቴ ግቢ ሁለት ክፍል አስይዤ ነበር። እዚህ ቤት ያስገባኸኝ ዕለት ‹ስብሰባ አለ፣ ቀስ በይ› አልከኝ። ስብሰባው መቼ አለቀ? ጉባኤ ሲያልቅ ስልጠና፣ ስልጠና ሲያልቅ ግምገማ። ልጆቼን ጮኬ አልተቆጣሁም፣ ስቄም አላሳቅኋቸውም። ሁለተኛዋን ስወልድ በጀት ይጸድቅ ነበር፤ ፎጣ ነክሼ ነው የወለድኳት። አንተ ይኼን ለሰው በኩራት ታወራለህ። ሚስቴ እንኳን ስታወራ ስትወልድም አትሰማም ትላለህ።»

መብራቱም ውሃውም በነጻ ነው ብሎ ሊሟገት ጀመረ። እሷ የብርድ ልብሱን ገመድ ፈትታ ወደ ቦታው መመለስ ያዘች። ሊቀመንበር አኩርፎ ሰነበተ። እሱ ስንት ኖራ የቀባላት፣ ስንት ደጅ የጠናላት ሴት እንዲህ ትላለች? ያኮረፈበትን ምክንያት ለሰው እንዳይናገር ደግሞ፣ ገና ሲጀምረው ለራሱ ጆሮ እንኳ ጥሩ አልመሰለውም።

በቀጣዩ ጉባኤ፣ ወንበሮቹ በመመሪያ ከመጋዘን ወጥተው፣ ሊቀመንበር እንደ ልማዱ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። አባላቱ ስለ አዲሱ ወረዳ ስም ይከራከራሉ። ሊቀመንበር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮውን ወደ ግድግዳው መለሰ። ሚስቱ ከወዲያ በኩል ናት፤ በዚህ ሰዓት ድስት ታጥባለች፣ ሳጥን ትገፋለች፣ ምናልባት ሰው መጥቶባት ታጫውታለች። አንድ ነገር እንዲሰማ ጠበቀ። ምንም የለም። ሰው የማይኖርበት ቤት እንኳ ከዚህ የተሻለ ይንኳኳል። ይህን ዝምታ ዕድሜውን ሁሉ ሲኮራበት ኖሯል፤ ዛሬ ግን አንጀቱን በላው። ክርክሩ ሳያልቅ ወጣ።

ክፍሏን እለቃለሁ ብሎ ሲያመለክት ሰብሳቢው ከጀርባው ሌላ ነገር አለ ብሎ ጠረጠረ። ተጠባባቂው ኃላፊ ግን ክፍሏን ለራሱ ስለፈለጋት በመዋቅር ዓመት ታይቶ በማያውቅ ፍጥነት ፈረመለት። እንዲህ ሆኖ ከጀርባው ለመኖር ብሎ አዳራሹን ያተረፈው ሰው፣ አሁን ጠዋት ጠዋት ከታችኛው ከተማ በሚኒባስ እየተጋፋ ወደ አዳራሹ የሚመላለስ ሆነ። ሹፌሩም ስሙን ሰምቶ ኖሮ፣ ሊቀመንበር ሆይ እዚህ ወንበር የለም፣ ቆመው ይሂዱ ይለዋል።

ዕቃቸው የሚስቱ እህት ግቢ በገባ ማግስት፣ ከሥራ ሲመለስ ከሚኒባሱ ወርዶ ወደ አዲሱ ሰፈር ታጠፈ። ገና ከመንገዱ አፍ ላይ የአንዲት ሴት ድምፅ ተቀበለው። ወፍራም፣ ደረት የሚሞላ ድምፅ ነው። ልብስ ያጠበችበትን ውሃ በሯ ላይ ያፈሰሰችባትን ጎረቤት ትቆጣለች፤ ስትናገር ደግሞ መሃል ላይ ራሷን ያስቃትና ሳቋ ከንግግሯ ይብሳል፤ ጎረቤቲቱም አብራ ትስቃለች። ሊቀመንበር ፈገግ አለ። የዚህችን ሴት ባል እግዜር ይርዳው ብሎ በሆዱ አዘነለትና የግቢውን በር ገፋ።

ሚስቱ ናት። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች። ይህን ድምፅ አንድም ቀን ሰምቶት አያውቅም፤ ሠላሳ ዓመት አብራው የኖረች ሴት ድምፅ እንዲህ መሆኑን ሌላ ሰው ቢነግረው አያምንም ነበር። እሷም አየችውና ደንገጥ ብላ ቃሏን ከመሃል ቆረጠች፤ እጇም ሳታስበው ወደ አፏ ሄደ።

ሊቀመንበር ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ቁጭ አለና፣ «ምነው ቆረጥሽው?» አላት። «ቀጥዪ እንጂ፣ ልስማሽ።»

ትንሽ አመነታች። ከዚያ ወደ ጎረቤቷ ዞረችና ካቆመችበት ቀጠለች።